የታናሿ ዩኒፎርም

ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ዓመት ከመንፈቅ ተዘግቶ ከርሞ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እናኑ ከአልጋ ሥር የእንጨት ሣጥኑን ጎትታ የልጆቿን ዩኒፎርም አወጣች። በእሷ ቤት ልብስ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የትልቋ የምስጢር ለታናሿ ለሕይወት፣ የሕይወት ደግሞ ለጎረቤት ልጅ። እንደ ልማዷ የምስጢርን ሰማያዊ ቀሚስ አራግፋ ለሕይወት አጠለቀችላት። ቀሚሱ ጉልበቷን አልፎ አልወርድ አለ፤ እጅጌውም ክርኗ ላይ ተወጥሮ ቀረ።

«ምን ጉድ ነው ይኸ! እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዝሽ እኮ!» አለች እናኑ እየሳቀች።

ሕይወትም እየሳቀች ቀሚሱን አወለቀችና፣ ከሣጥኑ ውስጥ እሷ ራሷ ሁለት ዓመት ለብሳ የጠበባትን አሮጌውን አነሣች። «እንግዲያው የኔን ምስጢር ትልበሰው!» ብላ ለጨዋታ እህቷ ላይ አጠለቀችው።

ምስጢር እጇን ዘርግታ ዝም ብላ ቆመች። ቀሚሱ ልክክ አለላት። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ቁመቱ፣ ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። ምስጢር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሕይወት ዘጠኝ። የእናኑ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ።

ለባሏ ለክንዱ ስትነግረው ከያዘው ድግር ቀና ሳይል፣ «እናቴም ድንክዬ ነበረች። ዘር ነው» አላት። እሷም ነገሩን እዚያው ተወችው። መተው ይቀላል።

ምስጢር ግን እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም። እናኑ ኮሶዬ ላይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ምግብ ቤት አለቻት፤ ክንዱ ከጀርባዋ ባለው ማሳ ገብስና ድንች ያርሳል። ምስጢር ስድስት ዓመት ሳይሞላት ፊደል ለየች። በሰባት ዓመቷ በር ላይ ቆማ በሚያልፉት መኪኖች ላይ የተጻፈውን እየጮኸች ታነብ ነበር። ሾፌሮች ቁጭ ብለው ሲበሉ ጠርተው ያናግሯታል፤ እሷም ለአንድ ጥያቄ ሦስት ትመልሳለች። ሁለተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ጨረሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ የሚያውቅ የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ፊቷ ሞላ፤ እናቷም «ሸጋ ሆነችልኝ» ብላ ደስ አላት። ቀጥሎ እንቅልፍ አበዛች። በቀትር ጋቢ ተከናንባ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ትሞቃለች። ድምፅዋ ጎረነነ። ቆዳዋ እንደ ገብስ ገለባ ሻከረ። የወላለቁት የወተት ጥርሶቿ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ የታናሿ አፍ በአዲስ ጥርስ ሞላ። አንድ ነገር ሲጠይቋት ዓይኗን ተክላ ታያለች፤ መልሱ ሲመጣ ጠያቂው ጥያቄውን ረስቶት ይሄዳል። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ሥራ ፈት ስለ ነበር ማን ከማን እንደ ቀረ አልታየም።

እናኑ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ውሃ የምትቀዳ፣ ምድጃ የምታነድ፣ እንግዳ የምታስተናግድ ሴት ናት። ልጂቱን ውሃ አምጪ ብላ ልካ፣ ሄዳ ስታያት ጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጣ ታገኛታለች። አንድ ቀን ንዴቷ ገንፍሎ «አንቺ ድንጋይ!» አለቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደንግጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን አልደነገጠችም። ክረምቱ ሲገባ ምስጢር ስሟ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ እናኑ ትጠራታለች፣ ሕይወት ትጠራታለች፣ ደንበኛው ሁሉ «ድንጋይ፣ እስቲ ውሃ» ይላታል። እሷም ትነሣለች፣ ቀስ ብላ።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መምህር ዳኛው ወደ ምግብ ቤቷ መጣ። ወጣት ነው፤ ምስጢርን ሁለተኛ ክፍል ያስተማራት እሱ ነበር። የቀረበለትን ሻይ እንኳ አልቀምስም ብሎ ሁለት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እትዬ እናኑ፣ ይህን ይመልከቱልኝ። ይኸኛው የድሮው ነው፣ አስቀምጬው ነበር። ይኸኛው ደግሞ የትናንቱ።»

እናኑ ማንበብ ባትችልም ማየት ትችላለች። በድሮው ደብተር ላይ ፊደሎቹ መስመር ይዘው እንደ ቆመ አጥር ተሰድረዋል። በአዲሱ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይወድቃሉ፤ ግማሾቹም አላለቁም።

«ልጅ ያልተማረውን ባያውቅ አልደነግጥም» አለ መምህሩ። «ይቺ ግን የምታውቀውን እየረሳች ነው። ቁመቷም ቆሟል። ጎንደር ወስደው ያሳክሟት።»

«ምነው መምህር! ስንፍና በሐኪም ይታያል እንዴ? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነው ያደነዘዛት።»

«በሌሎቹም ላይ እኮ አብሮ ነው የተዘጋው።»

እናኑ ተናድዳ ወደ ምድጃዋ ዞረች። መምህሩ ሲወጣ ልጇ በሩ ጥግ ቆማ ሁለቱን ደብተር ታይ ነበር። እናኑ «አዋረድሽኝ!» አለቻት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ እናኑ የድንች ወጡን ጥዳ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ሲንተከተክ ጥሪኝ» ብላ ምስጢርን ምድጃው ዘንድ ተወቻትና ሽንኩርት ልትገዛ ሄደች። ስትመለስ ጭሱ በበሩ ይወጣል። ወጡ ከስሎ ከድስቱ ቂጥ ጋር ተጣብቋል፤ ልጂቱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ድስቱን ታያለች።

«ምን ስትሠሪ ነበር? ተናገሪ! ምን ስትሠሪ ነበር?»

ምስጢር ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣም። እናኑ ክንዷን ይዛ ጎትታ ከቤቱ ጀርባ አወጣቻት። «መልስ እስክታገኚ እዚሁ ቁሚ! እንዳትገቢ!»

ወዲያው ሁለት ሚኒባስ ቆመ። ከፊት መንገዱ ለጊዜው ተዘግቷል ተብሎ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ምግብ ቤቱ ጎረፈ። እናኑ ሌላ ድስት ጣደች፣ እንቁላል ጠበሰች፣ ሰሐን አጠበች። ኮሶዬ ጉሙን ከገደሉ ሥር ስባ አወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው መነጋገር አቃተው። በረዶው አባርቶ ሕይወት ሰሐን እየለቀመች «እማዬ፣ ምስጢርስ?» ስትላት፣ እናኑ የያዘችውን ጭልፋ ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ምስጢር ቁሚ ከተባለችበት ስንዝር አልተነቃነቀችም። በረዶው ፀጉሯ ላይ ሟሙቶ በፊቷ ይወርዳል። አታለቅስም፤ አትንቀጠቀጥም። እናኑን ያስፈራት አለመንቀጥቀጧ ነው። ስታቅፋት ገላዋ የጉድጓድ ውሃ ሆኗል።

«እማዬ» አለች ልጂቱ በዚያ በጎረነነ ድምፅ፣ ቃል በቃል እየለቀመች። «እያየሁት ነበር። ሲቃጠል… እያየሁት ነበር። መነሣት አቃተኝ።»

መልሱ ይኸው ነበር። ይህን ብላ ዓይኗን ከደነች።

ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር ሊወርድ የቆመ አይሱዙ ነበር። ሾፌሩ አያ ታከለ ሲሆን ከእናኑ እጅ ብዙ ዓመት የበላ ሽማግሌ ነው። «አትጩኺ! አንሺያትና ጋቢና ግቢ!» አላት። ክንዱ ከማሳው እየሮጠ ሲደርስ መኪናው ተንቀሳቅሶ ስለ ነበር ጋቢውን በመስኮት ወረወረላት። እናኑ መንገዱን ሁሉ የልጇን እግር በጡቷ ሥር ሸጉጣ እያሞቀች «ድንጋይ» የሚለውን ቃል ልትረሳው ስትታገል ጎንደር ገባች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ልጂቱን አሙቀው፣ ግሉኮስ ሰክተው አሳደሯት። በማግሥቱ ዶክተር ሐመልማል የምትባል ሐኪም መጣች። አልቸኮለችም። የምስጢርን ምላስ አየች፣ አንገቷን ከኋላ ሆና ዳሰሰች፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች። እግሯ ተወርውሮ ወደ ቦታው እየዘገየ ተመለሰ።

«እናት፣ እድገቷ የቆመው መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ ዶክተር። ከትናንት ወዲያ ያየሁት ነው የሚመስለኝ።»

«እሺ፣ ይቺን ጫማ የገዙላት መቼ ነው?»

እናኑ አልጋው ሥር ያለውን የላስቲክ ጫማ አየች። ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ቀን የተገዛ ነው። አሁንም ይሆናታል። ለሕይወት በእነዚህ ዓመታት ሦስቴ ገዝታለች፤ ለምስጢር ሳያስፈልጋት ቀርቶ አልገዛችም፤ አለማስፈለጉንም እንደ በረከት ቆጥራው ነበር። «ሦስት ዓመት» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው መሰላት።

የልጂቱን ግራ እጅ በራጅ አነሡ፤ ደሟንም ቀድተው ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አሳየቻት። «የእጇ አጥንት የሰባት ዓመት ልጅ አጥንት ነው። አንገቷ ውስጥ ያለው የእንቅርት ዕጢ ሥራውን አቁሟል። ሰውነት የሚያድገውም፣ አእምሮ የሚፈጥነውም፣ ገላ የሚሞቀውም ከዚያ በሚመነጨው ቅመም ነው። እሱ ሲጠፋ ሁሉ ነገር ይቀዘቅዛል።»

«እንቅርት? እንቅርት እኮ የላትም! የአያቷን አውቀዋለሁ፣ እንደ ሎሚ ነበር።»

«ሁሉም ወደ ውጭ አይወጣም።»

«ትድናለች?»

«ኪኒን አለው። በየማለዳው በባዶ ሆዷ አንድ፤ ዕድሜዋን ሙሉ። አእምሮዋ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ቁመቷ ግን፣ ያለፈውን ሁሉ ይመልሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።» ዶክተሯ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰችና «ሰነፍ አልነበረችም» አለች።

እናኑ ማንም ሰነፍ ናት አላለም ልትል ነበር። አልቻለችም።

ኪኒኑ ቤት ገባ። በሁለተኛው ሳምንት የምስጢር ፊት ጎደለ፤ እብጠት ኖሯል ሙላት የመሰለው። ጋቢውን ጣለች። ራበኝ ማለት ጀመረች። አንድ ማለዳ ማንም ሳይልካት ጀሪካን አንሥታ ስትወጣ ክንዱ አያት፤ ገብሱ መካከል ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ይሁን እንጂ ከወር በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ልጂቱ መቀመጥ አቃታት። እንቅልፏ ሳሳ። ክፍል ውስጥ ከወንበሯ ትነሣለች፤ ለትንሽ ነገር ትቆጣለች፤ ሕይወትን ፀጉሯን ይዛ መሬት ጣለቻት። ዶክተሯ ይህን አስቀድማ ነግራት ነበር፤ «ለጊዜው ትረበሻለች፣ ሦስት ዓመት የተኛ ሰው ሲነቃ ነው፣ ይሰክናል» ብላት ነበር። እናኑ ግን በሰማችው ጊዜ ይህን ያህል ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ከሁሉ የከፋው ትዝታዋ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ አንድ ሾፌር እንደ ልማዱ «ድንጋይ፣ ውሃ አምጪ እስቲ» አላት። ምስጢር ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ስሜ ምስጢር ነው። ድንጋይ ያለችኝ እናቴ ናት። የሁዳዴ ጾም የተፈታ ዕለት፣ ጀሪካኑ ዘንድ ነው መጀመሪያ ያለችኝ። እሰማ ነበር። ሁሉንም እሰማ ነበር፤ መልሱ ነው እየዘገየ የሚመጣብኝ።»

ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ምግቡን አየ። እናኑ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ያን ሌሊት ያቺ ሦስት ዓመት የተኛችው ልጅ ናፈቀቻት፤ ግድግዳ ጥግ የምትቀመጠው፣ ዝም የምትለው፣ አቅፈዋት እንደ ታቀፈች የምትቀረው።

በማግሥቱ ኪኒኑን አልሰጠቻትም። «ዶክተሯ ደውላ ትንሽ አሳርፊያት አለችኝ» አለቻት። ለራሷም «ጭንቅላቷን አግሎባታል፣ ጥቂት ቀን ይቀዝቅዝላት» ብላ ምክንያት ሰጠች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። ብልቃጡን ከቅመም ቆርቆሮዎቹ ኋላ ሸሸገችው። ክንዱ ሲጠይቃት «ወስዳለች» ትለው ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ እናኑ ከጓሮ ስትገባ ምስጢር ምድጃው ዘንድ ተቀምጣ አገኘቻት። ኪኒኖቹን በሰፌድ ላይ አሥር አሥር አድርጋ ደርድራቸዋለች።

«የዛሬ ዘጠኝ ቀን ከዋጥሁ በኋላ ቆጥሬያቸው ነበር» አለች ልጂቱ። አልጮኸችም። «ኀምሳ ሦስት ነበሩ። ስምንት ቀን አለፈ። አርባ አምስት መሆን ነበረባቸው። ኀምሳ ሦስት ናቸው።»

«ዶክተሯ…»

«የዶክተሯ ስልክ ያለው መምህር ዳኛው ጋ ነው። ትናንት ጠየቅሁት፣ አስደወልኩት። አሳርፊያት አላለችሽም።»

 እናኑ መሬት ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ምስጢር አንድ ኪኒን አንሥታ በውሃ ዋጠች፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ብልቃጡ መለሰች፤ ብልቃጡን በመሐረብ ቋጥራ አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዲይዝላት አልፈቀደችም።

እናኑ ለክንዱ ያንኑ ዕለት ከማሳ ሲመለስ ራሷ ነገረችው። ይጮህብኛል፣ ይመታኛል ብላ ነበር። ክንዱ አልጮኸም። ቀንበሩን አስደግፎ «ልጄን ሁለት ጊዜ ነው ያሳጣሽኝ» አላትና ወጣ። ለአንድ ወር ያህል ከጨው አቀብዪኝ በቀር ነገር አልተናገራትም።

ስድስተኛው ወር ላይ እናትና ልጅ ለቀጠሮ ጎንደር ወረዱ። ምስጢርን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ለኩ፤ በሦስት ዓመት ሁለት ጣት ያልሞላ ያደገችው ልጅ በስድስት ወር ሦስት ጣት ጨምራ ነበር። ዶክተር ሐመልማል ደስ ብሏት አዲስ ጥርስ የወጣበትን ድድ አየች። «ዶክተር፣ ታናሼን እደርስባታለሁ?» ብላ ምስጢር ጠየቀቻት።

ዶክተሯ አልዋሸቻትም። «በትምህርት አዎ። በቁመት እንጃ፤ ላትደርሺባት ትችያለሽ።»

ምስጢር ይህን ቁጭ ብላ አሰበችበት። ከዚያ «ስምንት ቀን አልዋጥሁም ነበር። እናቴ ደብቃብኝ ነው» አለች።

ዶክተሯ እናኑን አየቻት። «ለምን እናት?»

እናኑ ብዙ ውሸት ነበራት፤ በመንገድ ሁሉ ስታዘጋጀው ነበር የመጣችው። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ዝም ስትል ትቀለኝ ነበር።»

 ዶክተሯ ከዚያ ወዲያ የተናገረችው ሁሉ ለልጂቱ ነበር፤ ኪኒኑን እንዴት እንደምትይዝ፣ ሲያልቅ ለማን እንደምትነግር፣ መንገድ ቢዘጋ እንዳትቸገር ምን ያህል ቀድማ መያዝ እንዳለባት።

ከሆስፒታሉ ወጥተው በፒያሳ በኩል አቋርጠው መናኸሪያ ደረሱ። ሚኒባሱ አልሞላም ነበር። እናኑ ከአንዲት ሴት የገብስ ቆሎ ገዝታ ለሁለት አካፈለች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ረዳቱ «ዳባት! ደባርቅ!» እያለ ሲጣራ ይሰማሉ።

«እማዬ» አለች ምስጢር ወደ መስኮቱ እያየች። «የምትወጂኝ ዝም ስል ነበር?»

«ዝም ስትዪ የት እንዳለሽ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ላውቅም አልፈለግሁ።»

«አሁንስ?»

እናኑ ቆሎውን በእጇ ጨብጣ ያዘችው። «አሁን እፈራሻለሁ።»

ልጂቱ ዞር ብላ አየቻት። የፊት ጥርሶቿ ግማሽ ድረስ ወጥተዋል፤ ገና ሥርዓት አልያዙም። «እኔም እፈራሻለሁ» አለች።

ረዳቱ በሩን ገፍቶ ዘጋውና ሚኒባሱ ተነሣ። ምስጢር የራሷን ቆሎ ጨርሳ ስለ ነበር፣ ሳትጠይቅ እጇን ወደ እናቷ ጭብጥ ዘረጋች። እናኑ ጭብጧን ፈታችላት።